ጠሪ አክባሪ ነው

«ሥራ ላይ ስልክ ሰጥተውሻል አሉ» አለችኝ እናቴ አንድ እሑድ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ።

«አዎ እማዬ፣ ይሰጡናል።»

«ቀኑን ሙሉ በኪስሽ ይዘሽው ትውያለሽ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ በረዶ ከመጣሉ በፊት ወፍ ሁሉ ጸጥ እንደሚለው ያለ ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ‹ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስልክሽን አላየሁትም› ስትዪኝ ዋሽተሽኝ ነው?»

እንዴት አድርጌ ላስረዳት? እኔ ሁለት ስልክ አለኝ። አንደኛው የራሴ ነው፤ ጠዋት ሥራ ስገባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ማታ ስወጣ ነው የምፈታው። ሁለተኛው የሆስፒታሉ ነው፤ ከኪሴ አይወጣም። የመጀመሪያው እኔ የምደውልበት ነው፣ ሁለተኛው እኔ የምደወልበት። «የሆስፒታሉ ስልክ ለሥራ ብቻ ነው» ብላት፣ «እኔ ሥራሽ አይደለሁም?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በነርስነት ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። እናቴ ማንበብ ስለምትወድ መልሱን በጽሑፍ ልሞክረው።

የምሠራው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነው። እዚህ አካባቢ ሆስፒታል ተኝቶ አማርኛ ሳይሰማ የሚወጣ ታካሚ ጆሮው ቢመረመር ይሻላል፤ ነርሷ ሐበሻ ባትሆን ረዳቷ ናት፣ ረዳቷ ባትሆን መኪና ማቆሚያው ላይ ያለው ልጅ ነው። ፈረቃችን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ሰባት ሰዓት ይሉታል፤ አንጀቴ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰዓት ነው የሚለው።

ጠዋት እንደገባን የመጀመሪያው ሥራ ስልክ መምረጥ ነው። ስልኮቹ ግድግዳው ሥር ቻርጅ ላይ ተደርድረው ያድራሉ። እንደ በቅሎ ናቸው፤ ለማያውቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሰባት ቁጥሯ እሷ ትሰማለች እንጂ አታሰማም። አሥራ ሁለት ቁጥሯ እስከ ምሳ ድረስ ጎበዝ ናት፣ ከምሳ በኋላ ትሞታለች። ሦስት ቁጥሯ ወገቧ ተሰብሮ በቁስል ማሸጊያ ፕላስተር ታስራ ነው የምትኖረው፤ ግን ታማኝ ናት፣ እኔ እሷን ለማግኘት ከሌሎቹ አሥር ደቂቃ ቀድሜ እገባለሁ። የፈረቃው አለቃ ማዕረጓ «ቻርጅ ነርስ» ነው። መጀመሪያ ስሰማ ስልኩን ቻርጅ የምታደርገው ነርስ መስላኝ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሳየው ብዙም አልተሳሳትኩም፤ ከሥራዋ ግማሹ «ስልክሽ ለምን አይነሣም?» ማለት ነው።

ስልኬን ከያዝኩ በኋላ ስሜንና ቁጥሬን በየታካሚዬ ክፍል ነጭ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አምስት ታካሚ፣ የአምስቱ ታካሚ ልጆች፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ራጅ ክፍሉ፣ ማዕድ ቤቱ፣ ድንገተኛ ክፍሉ ሁሉ ያከብረኛል። የአገሬ ሰው «ጠሪ አክባሪ ነው» ይል የለ? በዚህ ሒሳብ ከሄድን በሜሪላንድ ከእኔ የበለጠ የተከበረ ሰው የለም።

ነርስነትን የተማርኩት አገር ቤት ነው። የመጀመሪያ ሥራዬም ጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነበር። አዳራሹ ሠላሳ አልጋ አለው፤ የጥሪ ቁልፍ የሚባል ግን አንድም የለውም። አያስፈልገውማ! በየአልጋው ሥር ጋቢ የተከናነበ አስታማሚ አለ። አስታማሚው አጥሚት ያጠጣል፣ ሽንት ይደፋል፣ የጉሉኮሱን ጠብታ ይቆጥራል፣ ሲያልቅ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ «ሲስተር!» ይላል። እኔ ከድምፁ ብቻ ጉዳዩን አውቀው ነበር። «ሲስተ-ር» ብሎ ረዘም አድርጎ ከጠራ ጉሉኮስ አልቋል። «ሲስተር ሲስተር» ብሎ ከደገመ ታካሚው እያስመለሰው ነው። መጥራቱም ቀርቶ የነጠላ ጫማ ሩጫ ብቻ ከተሰማኝ እኔም እሮጣለሁ።

ስልክማ ነበረን። ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ፣ ቁጥሩን የምናዞርበት ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት ይቀመጣል። ቁልፉ ያለው አስተዳደር ዘንድ ነው። ስለዚህ ሰው ወደ እኛ ይደውላል እንጂ እኛ ወደ ሰው አንደውልም። አሁን ሳስበው ለአሜሪካ ያዘጋጀኝ ያ ስልክ ነው።

ሞባይል ሲመጣ ተረኛ ሐኪም የሚጠራው በገዛ ካርዳችን ሆነ። የነርስ ደመወዝና የስልክ ካርድ ደግሞ ወር ጨርሰው አያውቁም። ካርዴ ሲያልቅ «እባክዎ መልሰው ይደውሉልኝ» የምትለዋን መልእክት ለዶክተሩ እልክለታለሁ። ዶክተሩም ካርድ የለውም፤ እሱም ያችኑ መልእክት መልሶ ይልክልኛል። ሁለታችን እንዲህ ስንለማመጥ ቆይተን በመጨረሻ የሚያገናኘን ዘበኛው ነው፤ በእግሩ ሄዶ በር አንኳክቶ ያመጣልኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው ሞባይል የእጅ ባትሪ ይሆናል። በጥርሴ ነክሼው የሰው ደም ሥር ፈልጌበታለሁ። የአሁኑ የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊያችን ይህን ቢሰማ ራሱ አልጋ ይይዛል።

ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ። አሜሪካ ገብቼ፣ አረጋውያን እያጠብኩ፣ ሌሊት እያጠናሁ የነርስነት ፈተናውን አለፍኩና ይህን ሥራ አገኘሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የሆስፒታሉ ስልክ ሲጮኽ አንሥቼ አገር ቤት እንደለመድኩት «ሲስተር እገሊት ነኝ፣ ምን ልርዳዎ?» አልኩ። ማዶ ያለችው ሴት ትንፋሿ ቆመ። ቆየችና በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «አባቴ… አረፈ?» አለችኝ። ለካ እዚህ አገር ሲስተር ማለት መነኩሲት ናት! የመጨረሻውን ጸሎት ልታደርስለት የተጠራች መነኩሲት መስያት ነው። አባቷ በዚያ ሰዓት ፓንኬክ እየበላ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተርነቴን አገር ቤት መልሻለሁ።

እንግዲህ እናቴ ሆይ፣ በዚህ ስልክ ምን እንደማደርግ በአንድ ጠዋት ላሳይሽ።

ሦስት ሰዓት፤ መድኃኒት የምናድልበት ሰዓት ነው። የአንዱን ታካሚ ክኒን እየቆጠርኩ ስልኩ ጮኸ። የልብ ምት በስክሪን የሚከታተሉት ልጆች ናቸው፤ ሌላ ፎቅ ነው የሚቀመጡት። «የአሥራ አራት ቁጥር ልብ አይታየንም» አሉኝ። ክኒኑን ቆልፌ ሮጥኩ። ሰውዬው ሸሚዝ ልቀይር ብሎ ሽቦዎቹን ከደረቱ ነቃቅሎ እግሩን አነባብሮ ጋዜጣ ያነባል። «ልብዎ ጠፍቶብን ነበር» ብለው፣ «ሚስቴም ልብ የለህም ነው የምትለኝ» አለኝ። ሽቦውን መልሼ ሰክቼ ሳልጨርስ እንደገና ጮኸ። ላቦራቶሪው ነው፤ የሌላዋ ታካሚዬ ፖታሲየም 6.2 ሆኗል። ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 ነው፤ እንዲህ ሲወጣ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪው ነግሮኝ ብቻ አይለቀኝም፤ ጽፌ መልሼ እንዳነብለት ይጠብቃል። የኔታ ፊት እንደቆመ የቆሎ ተማሪ «ስድስት ነጥብ ሁለት» ብዬ እደግምለታለሁ። «ስምሽን በፊደል ንገሪኝ» ይለኛል ቀጥሎ። ስሜን ከነአባቴ ፊደል በፊደል ስነግረው ፖታሲየሙ በራሱ ሊወርድ ምንም አይቀረው።

ለሐኪሙ መልእክት ላክሁ፣ ኢሲጂ አስነሣሁ። አሁን አንድ የማይሻር ሕግ ልንገርሽ፤ ሐኪም መልሶ የሚደውለው እጅሽ ጓንት ውስጥ ሲገባ ነው። ስልኩን እንደ መስቀል በሁለት እጄ ይዤ ስጠብቅ ጭጭ አለ። ተላላፊ በሽታ ያለበት ታካሚ በር ላይ ቆሜ ጋውን ለብሼ፣ ጭምብል አድርጌ፣ ሁለቱንም ጓንት አጥልቄ አንድ እግሬን ወደ ውስጥ ሳነሣ፣ ይኸው ጮኸ! ስልኩ ያለው ከጋውኑ ሥር ነው። ፊሊፒናዊቷ ባልደረባዬ እያለፈች ነበርና ከኋላዬ በጋውኔ ውስጥ እጇን ሰዳ፣ ኪሴን ዳብሳ አገኘችውና ጆሮዬ ላይ ለጠፈችልኝ። እንዲህ ተያይዘን፣ እኔ እጄን እንደ ካህን ዘርግቼ፣ እሷ ስልክ ደግፋልኝ፣ የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ትእዛዝ ተቀበልን። እሱን ዘግቼ ካሊፎርኒያ ያለች ልጅ አባቷ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ። እሷን ዘግቼ ማዕድ ቤቱ የአሥራ ስድስት ቁጥር ሾርባ ጨው ያለው ይሁን የሌለው አጣራ። መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በመሐል የታካሚዎቹ ጥሪ አለ። አሜሪካኖች የነርስ መጥሪያውንና የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ አንድ ዕቃ ላይ ነው የሠሩት። ታካሚው ቻናል ልቀይር ብሎ እኔን ይቀይረኛል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው። ጥሪው መጀመሪያ ረዳቷ ስልክ ላይ ይጮኻል፣ እሷ ካላነሣች እኔ ስልክ ላይ፣ እኔ ካላነሣሁ አለቃችን ስልክ ላይ። ከተማው ሁሉ የሰማው ዕዳ ይሆናል።

ይህን ጣጣ ያመጣብን የስልክ ነጋዴ ብቻ እንዳይመስልሽ። የሙያችን እናት ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን ሐርሊ ጎዳና ላይ ያለ የሕሙማን ቤት ስትረከብ፣ ደወል ይገባልኝ ብላ አስቸግራ ነበር። ደወሉ ሲደወል ትንሽ ክዳን ተከፍቶ ይቀራል፤ ነርሷ ያንን አይታ የትኛዋ ታካሚ እንደጠራቻት ታውቃለች፣ ደረጃ ለደረጃ ስትንከራተት አትውልም። በኪሴ ያለው ስልክ የዚያ ክዳን የልጅ ልጅ ነው። ይህችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርስነት ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ስለ ጩኸት ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈች፤ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ነገር በሽተኛን ይጎዳል ብላ። ደወሉን ያስገባችውም፣ ጩኸቱን የከሰሰችውም አንዲት ሴት ናት። እኛ ልጆቿ የወረስነው ሁለቱንም ነው።

ከዚያ ወዲህ ደወሉ ከግድግዳ ወደ ወገብ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1950 የኒውዮርክ ሐኪሞች ፔጀር የምትባል የኪስ መጥሪያ መያዝ ጀመሩ። እንግሊዞች ቶሎ አልለቀቋትም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጤና ሚኒስትራቸው በመንግሥት ሆስፒታሎቻቸው ያሉት ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ፔጀሮች እስከ 2021 መጨረሻ እንዲወገዱ ሲያዝዝ ዓለም በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ቀናሁ። ፔጀር ሲጮኽ ቁጥር ያሳይሻል እንጂ «ሾርባው ጨው አለው ወይ?» ብሎ አያወራሽም።

አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የሕክምና መሣሪያዎች ከሚያሰሙት ጩኸት ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ምንም ዓይነት ሕክምና የማይጠይቅ እንደሆነ ጠቅሷል። ሌት ተቀን የሚጮኽ ውሻ ሌባ የመጣ ዕለት ማን ይሰማዋል? ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ አንዷ እውነተኛ ጩኸት ዘጠና ዘጠኙ ውሸታሞች መሐል ተደብቃ ትመጣለች። እንዳልሰማ ብዬ ልዝጋው ብል ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከሆስፒታል የወጣ ታካሚ በሚሞላው መጠይቅ ላይ፣ ቁልፉን ተጭኖ በፈለገው ፍጥነት ርዳታ አግኝቶ እንደሆነ ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ ኖሯል። የመጠይቁ ውጤት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለሕዝብ ይወጣል፣ ከ2012 ወዲህ ደግሞ ሆስፒታሉ ከመንግሥት ከሚያገኘው ገንዘብ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ኪሴ ውስጥ የሚጮኸው ታካሚው ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ሹሙም አብሮ ይጮኻል።

አንድ ማታ ደክሞኝ ቤቴ ገባሁ፣ ልብሴን አውልቄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ፣ ሽሮዬን በልቼ ሳልጨርስ ከሆነ ቦታ «ጢ-ጥ» የሚል ድምፅ መጣ። እዚህ አገር ባትሪው ያለቀ የጭስ መጠቆሚያ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ የሳሎኑን ነቀለ። «ጢ-ጥ።» የመኝታ ቤቱን ነቀለ። «ጢ-ጥ።» የምድር ቤቱን ነቅሎ ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ እንደ ወንበዴ ሲመረምራቸው፣ ትንሿ ልጄ የሥራ ልብሴን እያነሣች «ማሚ፣ ሱሪሽ ነው የሚጮኸው» አለች። ሦስት ቁጥሯ! ስልኮቹ የሚሠሩት በሆስፒታሉ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ፣ መረቡን ስታጣ እናቱን እንዳጣ ጥጃ ስትጮኽ ነበር። በዚያ ሌሊት ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። ያለ ስልክ ስትሠራ ያገኘኋትን የሌሊት ተረኛ ይቅርታ ስጠይቃት ፊቷ ላይ ቅሬታ ፈልጌ አጣሁ። እንዲያውም «ምነው ቸኮልሽ?» አለችኝ።

ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲመጣና 477 ኪሎ ሜትር የሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ሲዘረጋ፣ አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት ነበሩ ይባላል። ልጅ ሆኜ ስሰማ ስቄባቸው ነበር። አሁን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዲያቆኑ ቃጭል ሲመታ እጄ በነጠላዬ ሥር ወደ ኪሴ እየሄደ ሳገኘው፣ ካህናቱ የሚያውቁት ነገር ነበር እላለሁ።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ግን ስለ እማማ ካልነገርኩ እዋሻለሁ።

እማማ ያልኳቸው ሰማንያ ያለፋቸው የአገሬ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሳንባ ምች ይዟቸው እኔ ክፍል ተኙ። ለሕክምናው ጉዳይ ሆስፒታሉ በሌላ ስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል። አስተርጓሚውና እማማ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራና ስለ አገር ሰላም ተጠያይቀው ሲጨርሱ፣ ሐኪሙ ሰዓቱን አይቶ «ምን አሉ?» አለ። አስተርጓሚው «ሰላም ብለዋል» አለው።

እማማ አንድ ጊዜም ቁልፉን ተጭነው አያውቁም። ውሃ ሲጠማቸው ሰው በበሩ እስኪያልፍ ጠብቀው በለሆሳስ «የኔ ልጅ» ይላሉ። የሚያልፈው ሰው ደግሞ የጽዳት ሠራተኛው ነው፣ ስፓኒሽ ነው የሚናገረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታካሚ ከአልጋ ሲነሣ በራሱ የሚደውለው የአልጋቸው ደወል ስልኬ ላይ ጮኸ። ሮጬ ስደርስ የጉሉኮሱን ማንጠልጠያ እንደ ከዘራ ይዘው፣ ቱቦው እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ወደ መጸዳጃ ሊሄዱ ቆመዋል።

«እማማ! ወድቀው ቢሰበሩስ? ለምን አልጠሩኝም?»

«በምን ልጥራሽ?»

«በዚቺ፣ በቀይዋ።»

«በስመ አብ! እኔ ሰው በደወል አልጠራም። በደወል የሚጠራ አሽከር ነው።» መልሼ አልጋቸው ላይ ሳስቀምጣቸው ንግግራቸውን አላቆሙም። «እኔ የበኩር ልጄን የወለድኩት ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነው። ልዕልቲቱን ታውቂያታለሽ? የንጉሥ ልጅ! አባቷ በተሰደዱ ጊዜ ለንደን ተቀምጣ ነርስነት ተምራ በሽተኛ ያጠበች ናት። የንጉሥ ልጅ የያዘችውን ሙያ የያዘች ልጅ እኔ በደወል ላመላልስ?»

በዚህ ሙያ እስከ ዛሬ እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም። ግን ክብሩ አጥንታቸውን ሊያሰብራቸው ነው።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ጠሪ አክባሪ ነው ይባል የለ?»

«እሱ ለሠርግ ነው» አሉኝ።

«ወድቀው ከማነሣዎ ቢጠሩኝ ለእኔ ሠርጌ ነው።»

አሰቡበት። መልስም አልሰጡኝ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ክፍል ቁስል አሽጌ ስጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ የእማማ ክፍል ነው። አነሣሁና «አቤት እማማ!» አልኩ። ድምፄ የሚወጣው ትራሳቸው አጠገብ ካለው ከዚያው ከመጥሪያው ነው። ስገባ ትራሱን አንሥተው ሥሩን እያዩ ነበር።

«ምን ልርዳዎ?»

«ምንም አልፈልግ። ምሳ በላሽ ወይ ልልሽ ነው።»

አልበላሁም ነበር። ጥሪውን ስዘጋ ስልኩ የተጠራሽበትን ምክንያት ምረጪ ይለኛል፤ ሕመም፣ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ የጉሉኮስ ማሽን። «ነርሷ ምሳ መብላቷን ለማወቅ» የሚል የለውም። «ሌላ» የምትለዋን ነካሁ። በዚህ ጊዜ እማማ ልጃቸው ያመጣችላቸውን ምሳ ዕቃ ከፍተው ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለሉ ነው። ከታካሚ ስጦታ መቀበል በሕጋችን ክልክል ነው። ጉርሻ ስጦታ ይሁን አይሁን ግን ሕጉ አይናገርም፤ የጻፉት ሰዎች ጉርሻን አያውቁትም። አፌን ከፈትኩ።

የእማማ ጉርሻ የዋዛ አይደለም። አፌ ሞልቶ ጉንጬ ተወጥሮ ሳለ ስልኬ ጮኸ። በክርኔ ነክቼ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት፤ መናገር ግን አልቻልኩም። ማዶ ያለው ሰው «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል። እማማ ወደ ኪሴ ጠጋ ብለው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ቆይ! እየበላች ነው!» አሉት።

ዘጋው። ማዕድ ቤቱ ነበር፤ ስለ ሾርባ ጨው ሊጠይቀኝ።

እናቴ ልጅ ሳለሁ ስሜን ስትጠራኝ «ምን?» ካልኩ በኩርኩም ነበር የምትመልሰኝ፤ «አቤት» ነው የሚባለው። ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ልጅ ነው የተባረከ ልጅ። ድሮ ግን አቤት ያለ ልጅ ወዲያው በበሩ ብቅ ይል ነበር። ስልኩ አቤትን ከመምጣት ለየብን። አሁን አንዱ ክፍል ቆሜ ለአምስት ክፍል አቤት እላለሁ፣ የምደርሰው ግን ያው በሁለት እግሬ ነው። ጠሪው አቤት ስላልኩ የመጣሁ ይመስለዋል፤ አጠገቡ የቆምኩት ደግሞ ለሌላ አቤት ስላልኩ የሄድኩ ይመስለዋል። ስልክ አያስፈልግም አልልም፤ የዚያችን የ6.2 ሴትዮ ልብ ያተረፈው ይኸው ስልክ ነው። በዘበኛ እግር ቢሆን አይደርስላትም ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እናት ወይም አባትህ በሰው አገር ሆስፒታል ከተኙ፣ በመጀመሪያው ቀን ቀይዋን ቁልፍ እጃቸው ላይ አድርገህ አሳያቸው። ንቀት አይደለም፣ ጠሪ አክባሪ ነው በላቸው፤ እሱ ለሠርግ ነው ካሉህ መልሱን ከላይ ጽፌልሃለሁ። ነርሷ ከዘገየች ደግሞ የሌላ ሰው እናት አጠገብ ናት። አንተ አጠገብ ቆማ ኪሷ ውስጥ እየጮኸ ካላነሣችው፣ እያከበረችህ ነውና አትገስጻት። ምሳ መብላቷንም ጠይቃት፤ በቁልፉ ሳይሆን ስትመጣ።

እማዬ፣ አንቺ እሑድ ደውዪልኝ። በመጀመሪያው ጩኸት አቤት እላለሁ። ምሳም በልቻለሁ።